ጅራፍ እንዴት ይጎነጎናል?

ጅራፍ የማያውቅ አራሽ የለም። ታዲያ ሁሉም ሠርቶ አያውቅም። አንዳንዱ ከገበያ ይገዛል፤ አንዳንዱም ጎረቤቱን ይለምናል። ሙያው ግን ከባድ አይደለም።

በመጀመሪያ ጠጉሩ የተፋቀ የከብት ቆዳ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። ደረቅ ቆዳ ሲጎነጎን ይሰነጠቃል። በማግስቱ 3 ጠፍር ቁረጡ። ጠፍሩ በእጀታው በኩል ሰፋ፣ ወደ ጫፉ ቀጠን ይበል። ሰፊዎቹን ጫፎች አንድ ላይ ቋጥራችሁ ግንድ ላይ እሰሩ።

አሁን ጎንጉኑ። የቀኙን ጠፍር በመሐለኛው ላይ አሳልፉ። ቀጥሎ የግራውን በመሐለኛው ላይ አሳልፉ። እናቶቻችን ሹሩባ ሲሠሩ አላያችሁም? ልክ እንደዚያ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው አንዱን አጥብቆ ሌላውን ሲያላላ ነው። እንዲህ ያለው ጅራፍ ይጣመማል። ስሕተት ካያችሁ አትፈሩ፤ እስከዚያው ፍቱና እንደገና ጀምሩ። ሲያልቅ ጥላ ሥር አድርቁት፤ ሞራ ቀቡት። ከእንጨት እጀታ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት። ጫፉ ላይ ቀጭን ቃጫ ጨምሩበት።

ጅራፍ ለምን ይጮኻል? ድምፅ በ1 ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጅራፍ ሲወነጨፍ ቀጭኑ ጫፍ ከዚህም ይፈጥናል። ያን ጊዜ አየሩ «ጧ!» ይላል። ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ፣ ልጆች ሲያጮኹት የምንሰማው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ጅራፍ እንዲጮኽ በሬውን መንካት የለበትም ማለት ነው።

በሬም ድምፁን ከሰማ ይበቃዋል። ግርፋት ያቆስለዋል፤ ቁስል ዝንብ ይጠራል። ጠባሳ ያለበት ቆዳም ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል። ጎበዝ አራሽ ጅራፉን ያስጮኻል እንጂ በሬውን አያቆስልም።