ቡፌ ላይ 20 ዓመት የተቀመጠ ውስኪ «የቆየ» ነው?

ዲንሾ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ አንድ ወዳጄ ቡርቦን አወጣ። «20 ዓመት የቆየ ነው!»
«የት ነው የቆየው?»
«ቡፌ ላይ።»

አልቆየም በቃ። ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ ከገባ ዕድሜው እዚያው ቆመ። ቡርቦን የአሜሪካ ውስኪ ነው፤ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ሲወጣ እንደ አረቄያችን ጥርት ያለ ነው። ቀለሙንም የቫኒላ ሽታውንም የሚሰጠው ውስጡ በእሳት የከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። በየዓመቱ ከበርሜሉ እየተነነ ስለሚቀንስ 15 ዓመት የቆየው ይወደዳል። ይጣፍጣል ማለት ግን አይደለም፤ እንጨቱ ከበዛ ይመራል፣ አፍ ያደርቃል።

ስትቀምሱ ትንሽ ብቻ ቅዱ። እንደ ዲንሾ ባለ ብርድ ሽታው ስለሚደበቅ ብርጭቆውን በእጃችሁ አሙቁት። አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ አሽትቱ፤ ካቃጠላችሁ ጠብታ ውኃ ጨምሩበት። (ከ21 ዓመት በታች ላላችሁ በሕግ አይሸጥላችሁም።)

አንድ ነገር ግን በምላስ አይለይም፦ ሜታኖል። ሽታውም ጣዕሙም እንደ ሌላው አልኮል ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። የወዳጄ ጠርሙስ ክዳኑ የተነካካ ስለነበር ሳልቀምሰው መለስኩለት።