ሐሳብ ሲበተን፣ ሐሳብ ሲደርቅ



አብሮን ዶርም የሚኖር ወንድማችንን «ፈተናው መቼ ነው?» ብንለው «ፈተና ከባድ ነው፤ ከባድ ሸክም የአህያ ነው፤ አህያዋ ገበያ ወርዳለች» ቢለን ምን እናስባለን? አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ «ጂን ነክቶት ነው» ብሎ ይሸሻል። ነገር ግን እንዲህ ያለው የአስተሳሰብ መዛባት የስኪዞፍሬኒያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእኛው ዕድሜ፣ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው።

መዛባቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት አይደለም። ሕመሙ ሳይገለጥ በፊት፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት፣ ትኩረት ማጣት፣ ከጓደኛ መራቅና የትምህርት ውጤት መውረድ ሊታይ ይችላል። ሕመሙ ሲነሳ ሐሳብ ከሐሳብ አልያያዝ ይላል፤ ሰውየው ከጥያቄው ይርቃል፤ ሌላው የማያውቀውን ቃልም ሊፈጥር ይችላል። ይህኛው በመድኃኒት በአብዛኛው ይሻላል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ሊያገረሽ ይችላል። ጫትም ሕመሙን ያባብሳል። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ በአንዳንዶች ላይ የሚቀረው ዝምታ ነው፤ መልሱ «አዎ»፣ «ደህና» ብቻ ይሆናል። ይህ በመድኃኒት ብዙም ስለማይለወጥ ቤተሰብ ስንፍና ወይም ኩራት ይመስለዋል። እዚህ ላይ የሚረዳው ትዕግሥት፣ ቀለል ያለ ሥራና ከሰው ጋር መዋል ነው።

በአገራችን ቡታጅራ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል ቀደም ሲል መድኃኒት ያገኙት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ሕክምና ሲዘገይ ደግሞ መዳን ይከብዳል።

ሩቅያ ማድረግና ዱዓ መልካም ነው፤ ሕክምናን ግን አይከለክልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ ሸሪዓችንም አእምሮውን የሳተን ሰው እስኪመለስለት ድረስ በግዴታ አይጠይቀውም። እንግዲያው እኛ ማን ሆነን እንፈርድበታለን?

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እህት ስናይ አንሳቅበት፣ አናግልለው። ቤተሰቡን እናማክር፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብረነው እንሂድ። ረመዳን ሲገባም መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ፣ በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት መውሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን እንዲጠይቅ እናስታውሰው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው፤ አሚን።