ከጨዋታ የወጣ ካርድ የት ይገባል?

ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በካርድ ሲጫወቱ ድንገት ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። አንደኛው «ገደልኩት!» ይላል። ሌላው «አልሞተም፤ ከጨዋታ ነው ያወጣኸው፤ ይለያያል!» ብሎ ይሟገታል። ከዚያም ሁለቱም ዞር ብለው እናትን ወይም አባትን ዳኝነት ይጠይቃሉ።

ታዲያ ወላጅ ምን ይበል? «ጨዋታ ነው፣ ተዉት» ማለት ይቀላል። ይሁን እንጂ ልጅ ፍትሕ ምን እንደሆነ ከሚማርባቸው ቦታዎች አንዱ ጨዋታ ነው። ደንቡን የማያውቅ ዳኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈርደው ለሚያለቅሰው ወይም ለታናሹ ነው። በመሆኑም በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ እጅግ ከሚያጣሉት ደንቦች አንዱን፣ ካርድን ከጨዋታ የማውጣትን ደንብ፣ አብረን እንመልከት። ካርዶቹ ቤታችሁ ይግቡ አይግቡ የሚለው የእናንተ የባልና ሚስት ውሳኔ ነው። ውሳኔው የትኛውም ቢሆን ግን ልጃችሁ ስለምን እንደሚያወራ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ለምሳሌ የምንወስደው «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለውን ጨዋታ ነው። የሒሳብ ሊቅ የሆነው ሪቻርድ ጋርፊልድ ፈለሰፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ቀረበ። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሬንተን ከተማ ነው። ሬንተን ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከሲያትል አጠገብ ናት፤ ስለዚህ ጨዋታው ለአንዳንዶቻችሁ የጎረቤት ነገር ነው።

ካርድ የሚኖርባቸው ቦታዎች

በተለመደው የማጂክ አጫዋወት እያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ 60 ካርድ ያለው የራሱ ጥቅል ይይዛል፤ ልጆቹ «ዴክ» ይሉታል። ጨዋታውን የሚጀምረው በ20 የሕይወት ነጥብና በእጁ በያዛቸው 7 ካርዶች ነው። ካርድ ከጥቅሉ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ጠረጴዛው መሐል ይሄዳል። የጠረጴዛው መሐል የጦር ሜዳ ይባላል። እዚያ የተቀመጡ ፍጡራን ይዋጋሉ።

ፍጡሩ ተመትቶ ሲሞት ካርዱ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ከባለቤቱ አጠገብ ወዳለ ክምር ይገባል። ይህ ክምር መቃብር ይባላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ግራ የሚያጋባው ይህ መቃብር በር ያለው መሆኑ ነው። ገና ከ1993 ጀምሮ «ሬዝ ዴድ» የተባለ ካርድ አለ፤ ትርጉሙ ሙታንን ማስነሣት ነው። ይህ ካርድ አንድን ፍጡር ከመቃብር ወደ ባለቤቱ እጅ ይመልሳል። ከዚያ ወዲህም ከመቃብር የሚመልሱ ብዙ ካርዶች ታትመዋል። እንዲያውም አንዳንድ ተጫዋች ኃይለኛውን ፍጡር ሆን ብሎ መጀመሪያ ወደ መቃብር ይልከውና በርካሽ ዋጋ ያስነሣዋል።

ስለዚህ በዚህ ጨዋታ የሞተ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። የተቃዋሚያችሁን ብርቱ ፍጡር ብትገድሉት ከሁለት ተራ በኋላ ተመልሶ ሊመጣባችሁ ይችላል። ከመግደል የጠነከረ ነገር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ከሞት የተለየ መወገድ

እዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ሰው የሚገርም ነገር አለ። ካርድን ከጨዋታ ከሚያወጡት የመጀመሪያዎቹ ካርዶች መካከል እጅግ ታዋቂው «ስዎርድስ ቱ ፕላውሼርስ» ይባላል፤ በአማርኛ ሰይፍን ወደ ማረሻ እንደ ማለት ነው። ስሙ ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 4 የመጣ መሆኑን ወዲያው ታውቃላችሁ፤ ይኸው ሐሳብ በሚክያስ ምዕራፍ 4 ላይም ይገኛል።

የካርዱ ሥራ ከስሙ ጋር ይስማማል። ዋጋው አንዲት ነጭ ማና ብቻ ናት፤ ማና የጨዋታው መክፈያ ነው። አንድን ፍጡር ከጦር ሜዳ ያወጣል። በምትኩ ፍጡሩን ሲያዝ የነበረው ተጫዋች በፍጡሩ ጉልበት ልክ የሕይወት ነጥብ ያገኛል። ተቃዋሚያችሁ 8 ነጥብ ቀርቶት ሳለ ጉልበቱ 5 የሆነ ፍጡሩን ብታወጡበት ነጥቡ 13 ይሆናል። ወታደሩ አልሞተም፤ ሰይፉን ጥሎ ወደ እርሻው ሄዷል። ያልሞተ ደግሞ መቃብር አይገባም፤ መቃብር ካልገባም የሚያስነሣው የለም።

ታዲያ የት ገባ? በቀድሞው የካርዶች ቋንቋ «ከጨዋታው ተወግዷል» ይባል ነበር። በኋላ ግን ይህ አነጋገር ችግር ፈጠረ፤ ከጨዋታው ተወግዷል የተባለውን ካርድ የሚመልሱ ሌሎች ካርዶች ነበሩና። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «በርኒንግ ዊሽ» ከጨዋታው ውጭ ያለ ካርድ ለማምጣት ያስችላል። የተወገደውም ካርድ «ከጨዋታው ውጭ» ነው ተብሎ ይመጣ ነበር። ሕፃን እንኳ «ከወጣ እንዴት ይመለሳል?» ብሎ ይጠይቃል።

በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2009 የደንብ ማሻሻያ ሲደረግ ቦታው «ኤግዛይል» የሚል አዲስ ስም ተሰጠው። ለእኛ ቋንቋ ይህ ቃል አይከብድም፤ ግዞት ማለት ነው። በአገራችን ታሪክ ንጉሥ የተቆጣው መኳንንት ይጋዝ ነበር። የተጋዘ ሰው ከአደባባይ ይጠፋል፤ ይሁን እንጂ አልሞተም፤ የት እንዳለም ይታወቃል። ወደ ባቢሎን የተጋዙትን የይሁዳ ሰዎችም አስቡ። ከመካከላቸው የተመለሱ ነበሩ፤ እዚያው የቀሩም ነበሩ። በጨዋታውም ግዞት ራሱን የቻለ ቦታ ሆነ። ያ በ2002 የወጣው ካርድም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግዞት ውስጥ ያለውን ካርድ ማምጣት አልቻለም፤ ግዞት የጨዋታው ክፍል ነውና።

ልጆቹ ለምን እንደሚጣሉ አሁን ይገባችኋል። «ሲሞት» የሚሠራ ኃይል ያለው ፍጡር ቢጋዝ ኃይሉ አይሠራም፤ አልሞተምና። «ሊጠፋ የማይችል» የተባለ ፍጡርም ቢሆን ከግዞት አያመልጥም፤ ማጥፋትና ማጋዝ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸውና። ስለዚህ «አልሞተም፤ ይለያያል» ያለው ልጅ ትክክል ነበር።

የሚመልስና የማይመልስ ግዞት

ግዞት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ እንደ ስዎርድስ ቱ ፕላውሼርስ ስለ መመለስ ምንም አይናገርም። ካርዱ ዝም ካለ የተጋዘው እስከ ጨዋታው ፍጻሜ እዚያው ይቆያል። ልዩ ካርድ ካልመጣለት በቀር አይመለስም፤ እንዲህ ያሉ ካርዶች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ፑል ፍሮም ኢተርኒቲ» ነው፤ እርሱም ቢሆን ካርዱን ከግዞት ወደ መቃብር ያዛውረዋል እንጂ በቀጥታ ወደ ጦር ሜዳ አይመልሰውም።

ሌላው ዓይነት ጠባቂ ያለው ግዞት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ኦብሊቪየን ሪንግ» ሁለት ትእዛዝ ነበረው። ሲገባ አንድ ካርድ ያግዛል፤ ራሱ ከጦር ሜዳ ሲወጣ የተጋዘውን ይመልሳል። ነገር ግን ብልጥ ተጫዋቾች ቀዳዳ አገኙበት። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሳይፈጸም ኦብሊቪየን ሪንግን ራሱን ከሜዳው ካወጡት «መልስ» የሚለው ትእዛዝ ይቀድማል፤ በዚያን ጊዜ ግን ገና የተጋዘ ካርድ የለም። ከዚያ በኋላ «አግዝ» የሚለው ይፈጸማል። የሚመልሰው ስለሌለ ካርዱ እዚያው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ባኒሸር ፕሪስት» ሁለቱን ትእዛዞች በአንዲት «እስኪ» አጣመራቸው፤ እኔ ከጦር ሜዳ እስክወጣ ድረስ ይጋዝ ይላል። በዚህ አጻጻፍ ቀዳዳው ተዘጋ፤ ጠባቂው አስቀድሞ ከወጣ ማጋዙ ራሱ አይፈጸምም።

ከግዞት ወደ ሜዳ የተመለሰ ካርድ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ላዩ ላይ የነበሩ ማጠናከሪያ ምልክቶች ይጠፋሉ፤ ተጣብቀውበት የነበሩ አስማት ካርዶችም ሲጋዝ ወደ መቃብር ሄደዋል። «ቶክን» የሚባለው ምትክ ፍጡር ደግሞ ከተጋዘ ጨርሶ ይጠፋል፤ አይመለስም።

ባለፉት ዓመታት ግዞት የማቆያ ክፍልም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጡት የ«አድቬንቸር» ካርዶች አንድ ካርድ መጀመሪያ አንድ ሥራ ይሠራና ግዞት ገብቶ ተራውን ይጠብቃል፤ ከዚያ ባለቤቱ ዋጋውን ከፍሎ ወደ ሜዳ ያወጣዋል። ስለዚህ ልጃችሁ የራሱን ካርድ በፈቃዱ ሲያግዝ ብታዩ ተሳሳተ ብላችሁ አትቸኩሉ።

በሌሎቹ ጨዋታዎችስ?

በጃፓኑ «ዩ-ጊ-ኦ» ጨዋታም ይኸው ሐሳብ አለ። እዚያም «ከጨዋታ ማስወገድ» ይባል የነበረው በእንግሊዝኛው እ.ኤ.አ. በ2011 «ባኒሽ» ተብሏል። «ማክሮ ኮስሞስ» የተባለው ካርድ ሜዳ ላይ ካለ ወደ መቃብር መሄድ የነበረበት ካርድ ሁሉ ይባረራል። ይሁን እንጂ የተባረሩትን የሚመልሱ ካርዶችም በዚህ ጨዋታ አሉ።

«ፖክሞን» ደግሞ ከሁሉም ይጠብቃል። የተሸነፈ ፖክሞን ወደ መጣያ ክምር ይገባል፤ ከዚያ ሊመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝኛ የመጣው «ሎስት ዞን»፣ የጠፉት ስፍራ፣ ግን የገባውን እስከ ጨዋታው ፍጻሜ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ሲመለስ «ጊራቲና ቪስታር» የተባለ ካርድ ይዞ መጣ። ተጫዋቹ ከራሱ ካርዶች 10 ወይም ከዚያ በላይ በጠፉት ስፍራ ካሉት ጊራቲና የተቃዋሚውን ፊት ለፊት ያለ ፖክሞን በአንድ ምት ይጥለዋል። ልጁ የማይመለሱ ካርዶቹን እየቆጠረ ይከፍላል ማለት ነው።

ከእጅ የሚወጣ ካርድ

ወላጆች ሆይ፣ ከሁሉ ይልቅ ይህን ልብ በሉ። ካርድ ሞተ ቢባል፣ ተጋዘ ቢባል፣ ጠፋ ቢባል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ባለቤቱ ማን ነው? በማጂክ ደንብ ካርዱን በጥቅሉ ይዞ ጨዋታውን የጀመረው ነው። ተቃዋሚው አግዞታልና የተቃዋሚው አይሆንም።

ሆኖም ማጂክ ሲጀመር «አንቲ» የሚባል አጫዋወት ነበረ። ሁለቱም ተጫዋቾች ከጥቅላቸው አንድ አንድ ካርድ ለውርርድ ያስይዙና ያሸነፈው ሁለቱንም ይወስዳል። ስለዚህ አጫዋወት የሚናገሩ ዘጠኝ ካርዶች ታትመዋል፤ የመጨረሻው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ዛሬ እነዚህ ካርዶች በይፋዊ ውድድሮች ክልክል ናቸው። በትምህርት ቤት ግቢ ግን ልጆች በራሳቸው ስምምነት «ያሸነፈ ይውሰድ» ሊሉ ይችላሉ። አንዳንድ ካርድ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ልጃችሁ ይዞት ከሄደው ያነሰ ካርድ ይዞ ከተመለሰ «ተግዞብኝ ነው» የሚለው መልስ አያስኬድም፤ የትኛውም የግዞት ደንብ ካርድን ከባለቤቱ ኪስ አያወጣምና። ወይ ተለዋውጧል፣ ወይ ተወራርዷል፣ ወይ ተወስዶበታል። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ከመቆጣታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ በእርጋታ ጠይቁ።

ዳኝነት ስትጠየቁ

አንደኛ፣ ካርዱን ልጁ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብበው። ሁለተኛ፣ «አጥፋ» ነው ወይስ «አግዝ» የሚለው? የመጀመሪያው ወደ መቃብር፣ ሁለተኛው ወደ ግዞት ይልካል። ሦስተኛ፣ «እስኪ» ወይም «መልስ» የሚል ቃል አለበት? ከሌለ እዚያው ይቆያል። አራተኛ፣ ሁለቱ ክምሮች ተለያይተው ይቀመጡ። ብዙ ጠብ የሚነሣው የተጋዙትን ከሞቱት ጋር ከመቀላቀል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተለየ ቦታ ብትሰጧቸው ብዙው ክርክር ይበርዳል።

በውጭ አገር ልጆች የምታሳድጉ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። ልጁ የካርዱን ትእዛዝ በአማርኛ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። መቃብር፣ ግዞት፣ ባለቤት፣ እስኪ፤ እነዚህን ቃላት በጨዋታ ከለመዳቸው አይረሳቸውም። አባትየውም አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ዙር ቢሸነፍለት ለልጁ ደስታ ነው።

ጨዋታው ሲያበቃም እያንዳንዱ ልጅ ከመቃብሩም ከግዞቱም ካርዶቹን ይሰብስብ፤ 60 መሆናቸውን ይቁጠር፤ የባልንጀራው ካርድ ተቀላቅሎ ከተገኘም ሳይጠየቅ ይመልስ።