ድልድይ፣ መዳረሻ፣ አስተጋቢ፦ ስለ ሦስት የገመድ አልባ አውታር ቃላት

የሙያ ቃል የሚፈተነው በመዝገብ ላይ ሳይሆን ቃሉን ይዞ ሥራ በሚሠራው ሰው እጅ ነው። ይህ ጽሑፍ በአንድ ራውተር ላይ የሚገኙ ሦስት የአሠራር ስሞች በአማርኛ እንዴት ሊለዩ እንደሚገባ ለማብራራት ይሞክራል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ፣ የኢንተርኔቱ መስመር ወደ ዋናው ቤት የገባበት፣ ኮምፒዩተሩና ማተሚያው ግን ከጓሮ በሰርቪስ ቤት የተቀመጡበት ግቢ አለ እንበል። ዕቃዎቹ የገመድ መሰኪያ እንጂ የዋይፋይ መቀበያ የላቸውም፤ በግቢው ውስጥ ገመድ መዘርጋትም አልተመቸም። በዚህ ጊዜ ሳይሠራ የተቀመጠ ሌላ ራውተር ከሰርቪስ ቤቱ ሆኖ የዋናውን ራውተር ሞገድ ተቀብሎ በአጭር ገመድ ለዕቃዎቹ ያደርሳል። ይህ አሠራር በእንግሊዝኛ «ብሪጅ» ይባላል።

ይኸው ራውተር ሌሎች ሁለት ሥራዎችንም ሊሠራ ይችላል። ተርጓሚው ሦስቱንም «ማገናኛ» ቢላቸው ባለቤቱ ያልፈለገውን ይመርጣል፤ ኮምፒዩተሩም ሳይገናኝ ይቀራል። ስለሆነም መልእክቱ በምን ገብቶ በምን እንደሚወጣ ለይቶ መሰየም ይገባል።

ሀ. መዳረሻ፦ «አክሰስ ፖይንት» የሚባለው ነው። በገመድ የተቀበለውን በሞገድ ያሰራጫል።

ለ. አስተጋቢ፦ «ሪፒተር» የሚባለው ነው። በሞገድ የተቀበለውን መልሶ በሞገድ ያሰራጫል። «ደጋሚ» ማለት ቢቻልም ቃሉ ድግምትን ስለሚያስታውስ «አስተጋባ» ከሚለው ግስ የወጣው ይመረጣል።

ሐ. ድልድይ፦ በሰፊው ትርጉሙ ሁለት የአውታር ክፍሎችን የሚያጋጥም ሁሉ ነው፤ እዚህ ላይ ግን በሞገድ የተቀበለውን በገመድ የሚያደርሰው ነው።

«ራውተር» ግን በሕዝብ አፍ የጸና ስለሆነ እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል።

«ድልድይ» ከ«ደለደለ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን «ድልድል»ም ከዚያው ወገን ነው። ይህ ዝምድና ለመመሪያ ጸሐፊ ይጠቅማል። ዋናው ራውተር በቤት ውስጥ ላሉት ዕቃዎች ሁሉ አድራሻ ይደለድላል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ቢደለድል አድራሻዎች ሊጋጩ ወይም ዕቃዎች የተሳሳተ መውጫ ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ «ድልድይ የሆነ ራውተር ድልድሉን ለዋናው ይተዋል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የዋናው አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ፣ የሁለተኛው በዚያው ተርታ ሌላ ማንም ያልያዘው፣ ለምሳሌ 192.168.1.2 ሊሆን ይችላል። የአውታሩ ስም፣ የይለፍ ቃሉና የሞገዱ ክልል ከዋናው ጋር መስማማት አለባቸው፤ ግድግዳው ወፍራም ከሆነ 2.4 ጊጋኸርዝ ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ዘልቆ ያልፋል። ይህን አሠራር የማይዝ ራውተር ስላለ ምርጫው መኖሩ አስቀድሞ ይታይ።

በእነዚህ ከተሞች መመሪያ በአፋን ኦሮሞም መጻፍ ይኖርበታል። በዚያ ቋንቋ «ሪቂቻ» ድልድይ ማለት ስለሆነ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ምስል ሊጓዙ ይችላሉ። ተርጓሚ ሆይ፣ ቃሉን ከመምረጥህ በፊት ገመዱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቅ።