በረንዳን ክፍል ስለ ማድረግ

ቤተ ሰብ ሲበዛና ቤት ሲጠብ አስተዋይ ባለቤት በመጀመሪያ ዐይኑን የሚጥለው በበረንዳው ላይ ነው። ጣሪያ አለው፤ ወለልም አለው፤ የጎደለው ግድግዳ ብቻ ነው። ይህንን ጎዶሎ በእንጨት መቃንና በመስታወት ሞልቶ ብሩህ መቀመጫ ክፍል ማድረግ በአዲስ አበባ የቆየ ልማድ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአርመንና የህንድ ባለ ሙያዎች እጃቸውን ካሳረፉባቸው ትልልቅ ቤቶች አንዳንዶቹ የእንጨት በረንዳቸው በመስታወት የተዘጋ ነው።

የመስታወት ቤት በአውሮፓ መጀመሪያ የታሰበው ግን ለሰው ሳይሆን ለተክል ነበር። የብርድ አገር ሰዎች ብርቱካናቸውና ዘንባባቸው በውርጭ እንዳይሞትባቸው በመስታወት ይከልሉት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 በለንደን የቆመውን ታላቁን የመስታወት አዳራሽ የነደፈው ጆሴፍ ፓክስተንም የአትክልት ሰው ነበረ። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ የሞቀውን አየር ግን አያስወጣም። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

እንግዲህ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ይህ በረከት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቀኑ ግን ጠራራ ነው። በእነዚህ ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ የመስታወት በረንዳ ሙቀት ያገኛል። ወደ ምሥራቅ የሚያይም ለማለዳ ቁርስ ይስማማል። ወደ ምዕራብ የሚያየውን ግን አልመክርም፤ ከሰዓት በኋላ ሰው አያስቀምጥም።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። በረንዳው ሲዘጋ ከኋላው ያለው ክፍል ብርሃንና አየር ያጣል። ከዚህም የሚከፋው የከሰል ነገር ነው። እመቤቲቱ በዚያ ክፍል ቡና ልታፈላ ትወዳለች፤ ልጆችም በሙቀቱ ተስበው እዚያው ያንቀላፋሉ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዘኛ አየር ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ስለዚህ ማንደጃው ከደጅ ይቀመጥ፤ ፍሙንም ለመኝታ ማሞቂያ ብሎ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ከላይና ከታች የሚከፈት መስኮት ማበጀት ለክፍሉ አየር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከሰልን ደኅና አያደርገውም።

ለጌጡ ብዙ ወጪ አያሻም። በቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳምና ጽጌረዳ፣ ጥቂት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት ይበቃል። ባለ ቀለም ሞሰብና ሰፌድ ግን ፀሐይ በቀጥታ ከሚያገኘው ስፍራ ይራቅ፤ ቀለሙ ይለቃል።

አሁን ይኸው ሐሳብ ወደ ቆላ ሲወርድ እንዴት እንደሚለወጥ እንመልከት። ኡራን በሞያሌ አካባቢ፣ በኬንያ ግዛት ውስጥ፣ በድንበሩ አጠገብ ያለች የቦረና መንደር ናት። አገሩ ሞቃትና ደረቅ ነው። ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግ ወራትና በጥቅምት ገደማ ይመጣል፤ የሚቀርበትም ዓመት አለ። በዚህ ስፍራ የአዲስ አበባውን የመስታወት ክፍል ገልብጦ መሥራት በገዛ ገንዘብ ምድጃ መግዛት ነው። የቦረና ሴቶች ከቅርንጫፍና ከሣር የሚሠሩት ቤት ከዚያ ይሻላል፤ ሣር ሙቀትን ይከላከላልና።

ለኡራን ቤት የሚስማማው ተጨማሪ ክፍል ጥላ ነው። በሰሜኑ አገር ሕድሞ ፊት በአዕማድ ቆሞ የሚታየውን ገበላ የመሰለ ማለቴ ነው። ኡራን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ናት፤ ጎን ለጎን ገብታ የምታቃጥለው ጧትና ማታ ነው። ስለዚህ የምሥራቁና የምዕራቡ ወገን በግድግዳ ይዘጋ፤ ሰሜንና ደቡቡ ለነፋስ ይከፈት። ቆርቆሮ ከሆነ ጣሪያው ከፍ ይበል፤ ከሥሩም የሣር ወይም የሰሌን ኮርኒስ ይደረግለት። ምሰሶው በአፈር ከተቀበረ ምስጥ ይበላዋልና በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ ይቁም። ለትንኝ ወንፊት ሽቦ መወጠር ይቻላል።

የዚህ ጣሪያ ሌላው ጥቅም ውሃ ነው። በ20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 200 ሊትር፣ ማለት አንድ በርሜል ሙሉ ይሆናል፤ በመንገድ የሚባክነው ጥቂት ነው። አሸንዳና በርሜል ለመግዛት የሚወጣው ብር ለመስታወት ከሚወጣው ያንሳል፤ ውሃ ፍለጋ የሚሄዱትንም ሴቶች አንድ ሁለት ቀን ያሳርፋል። ለግድግዳው ጌጥ የሚሆነውም በእጅ ቅርብ ነው፤ የአገሩ ሴቶች የሚሠሩት የወተት ዕቃ በተርታ ቢሰቀል ከተገዛ ሥዕል ይልቅ ያምራል።