ከአይጥ ደም የሚፈለግ የጉበት ምስክር

የጉበት ምርመራ ታዞለት የሚያውቅ ሰው በውጤቱ ወረቀት ላይ «ኤስጂፒቲ» የሚል መስመር ሳያይ አልቀረም። ዛሬ በብዛት ኤኤልቲ የሚባለው ይህ ኢንዛይም ዋና መኖሪያው የጉበት ሴል ነው። ደም ውስጥ ሲበዛ ሴሉ ተጎድቶ ይዘቱ እየፈሰሰ መሆኑን ይጠቁማል። ሐኪሞች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይዘውታል።

ይሁን እንጂ ምስክርነቱ ጎደሎ ነው። ጡንቻ ውስጥም ስላለ፣ ከባድ ስፖርት የሠራ ወይም የጡንቻ ሕመም ያለበት ሰው ጉበቱ ደህና ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ይወጣበታል። ሴሉ በምን ዓይነት አሟሟት እንደሞተም አይነግርም። የተሻለ ፕሮቲን የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ታዲያ ወደ አይጥ ቤት ይገባሉ።

የአይጦቹን ጉበት ሆን ብሎ ለመጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መርዝ እቤታችን ያለው ፓራሲታሞል ነው። ጉበት መድኃኒቱን ሲያብላላ ናፕኪ የተባለ አደገኛ ውሕድ ይወጣል፤ በልኩ ለወሰደ ሰው ግሉታታዮን የተባለ የሴሉ መከላከያ ያከሽፈዋል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ግሉታታዮን ያልቅና ናፕኪ የሴሉን ፕሮቲኖች፣ በተለይ የኃይል ማመንጫዎቹን የሚቶኮንድሪያን ፕሮቲኖች፣ እየያዘ ያበላሻል። ከአይጦቹ በተለያየ ሰዓት ደም ይቀዳል፤ ጉበታቸውም ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የደሙ ቃል የሚመዘነው በዚህ ነው።

ከዚያ አድካሚው ሥራ ይመጣል። የደሙ ፕሮቲኖች በኢንዛይም ተቆራርጠው ማስ ስፔክትሮሜትር በተባለ መሣሪያ ቁርጥራጫቸው ይመዘናል። ችግሩ፣ ከፕላዝማ ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ አልቡሚን መሆኑ ነው። ከጉበት የፈሰሰችውን ጥቂት ነገር ከዚያ መሃል ማግኘት ከአሸዋ ጤፍ እንደ መልቀም ነው።

ከተለቀሙት አንዱ ጂኤልዲኤች ነው፤ የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይም ሲሆን ጡንቻ ውስጥ እምብዛም ስለሌለ ስፖርተኛውን በሐሰት አይከስም። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የሴል ማገር የሆነው ኬራቲን 18 ነው። ሴሉ በሥርዓት ሲሞት ኬራቲኑ ተቆርጦ ይወጣል፤ ፈንድቶ ሲሞት ሳይቆረጥ ይፈሳል። የአሟሟቱን ዓይነት የሚናገር ምስክር ማለት ይህ ነው።

አማርኛችን አይጥንና አይጠ መጎጥን መለየቱ እዚህ ይጠቅማል፦ አይጥን የሚገድለውን ፓራሲታሞል አይጠ መጎጥ በእጅጉ ይቋቋመዋል። በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ ሰው ጋ ሲደረስ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ፊያሉሪዲን የተባለ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት በ15 ሕሙማን ላይ ሲሞከር የ7ቱ ጉበት ክፉኛ ተጎዳ፤ 5ቱ ሞቱ፣ 2ቱ ጉበት ተተክሎላቸው ተረፉ። አስቀድሞ በእንስሳት ላይ የተደረገው ሙከራ ይህን አላሳየም ነበር። የአይጡ ደም አልዋሸም፤ ጉበቱ በእርግጥ አልተጎዳም። መድኃኒቱን ወደ ሚቶኮንድሪያ የሚያስገባው በር በሰው እንጂ በአይጥ ሚቶኮንድሪያ ላይ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የሰው ጉበት ሴል ለተተከለባቸው አይጦች ያው መድኃኒት ተሰጠ፤ ጉበታቸው ተጎዳ።