ኮኤንዛይም ምንድን ነው? ከየትስ ይገኛል?

የበላነውን እህል ወደ ጉልበት የሚለውጡት ኢንዛይሞች መሆናቸውን በትምህርት ቤት ሳለን ተምረናል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ብዙዎቹ ብቻቸውን ሥራ አይሠሩም፤ ኮኤንዛይም የሚባል አነስተኛ ረዳት ይፈልጋሉ።

ይህን አስቀድመው የደረሱበት በለንደን ይሠሩ የነበሩት ሃርደንና ያንግ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. የእርሾን ጭማቂ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ማጥለያ ቢያጠሉት በሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ለየብቻቸው ስኳርን ማብላላት ተሳናቸው፤ ሲቀላቀሉ ግን እንደ ቀድሞው አብላሉት። በማጥለያው ላይ የቀረው ኢንዛይሙ ነው። ያለፈው በእሳት ቢፈላም ኃይሉን የማያጣ ሲሆን፣ ኤንኤዲ የተባለው ኮኤንዛይም የተገኘው ከዚሁ ውስጥ ነው። በጋን ውስጥ ጠላ ሲብላላም የሚሠራው ይኸው ነው።

የኤንኤዲ ሥራ እንደ ተሸካሚ ሥራ ነው። ከምግቡ ሃይድሮጅን ተቀብሎ ለሌላው ያስረክብና ባዶውን ተመልሶ እንደገና ይጫናል። ስለዚህ ጥቂቱ ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ ነገር ግን በየጊዜው ስለሚባክን መተካት አለበት።

ዕፅዋትና ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ኤንኤዲን ራሳቸው ይሠሩታል። ላምም በጨጓራዋ ያሉት ባክቴሪያዎች የቢ ቫይታሚኖችን ያዘጋጁላታል። ሰው ግን ለሥራው የሚሆነውን ከምግብ ማግኘት ይገባዋል። ለኤንኤዲ የሚያስፈልገው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ነው፤ ወይም ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው፤ ከዚህም 60 ሚሊግራም ያህሉ 1 ሚሊግራም ናያሲን ይወጣዋል።

አሁን በመተከል የምትገኘውን ቡለንን እንመልከት። የአካባቢው ገበሬ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ለውዝ ይዘራል። በበቆሎ ያለው ናያሲን አብዛኛው ከሌላ ነገር ጋራ ተጣብቆ ስለሚገኝ ሆድ አይፈታውም፤ ትሪፕቶፋኑም አነስተኛ ነው። ለውዝ ግን በናያሲን የበለጸገ ስለሆነ የበቆሎውን ጉድለት ይሞላል።

ማሳ ያለው ሰው ሁለቱንም ይበላል። ማሳውን ጥሎ የሸሸ ግን የተሰጠውን ብቻ ይበላል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሲገደሉ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ቡለን ከተማ ገብቷል።

እንዲህ ያለው ሕዝብ በቆሎ ብቻ ቢሰፈርለት ምን ሊደርስበት እንደሚችል በማላዊ ታይቷል። በዚያ ለነበሩት የሞዛምቢክ ስደተኞች ይታደል የነበረው ለውዝ ቢቋረጥ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ከ17,000 የሚበልጡት ፔላግራ ያዛቸው። ፔላግራ ፀሐይ የሚነካውን ቆዳ ያቆስላል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ አእምሮን ያውካል፣ ካልታከመም ይገድላል። መድኃኒቱ ግን ያው ናያሲን ነው።

ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ የእርሻ ባለሙያ ወይም እርዳታ አከፋፋይ የሚሆን አለ። ስለዚህ እህል ሲታደል ስንት ኩንታል እንደ ደረሰ ብቻ ሳይሆን፣ ከበቆሎው ጋራ ለውዝ ወይም ሌላ ማሟያ መኖሩንም እንጠይቅ።